ፓስታ አይታረድም

በእኛ ጊቢ በዓል የሚታወቀው በድስት ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ወይም ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ስለዘፈነ በዓል አይሆንም። ትልልቁ ድስት ወጥቶ ከታጠበ፣ ሽንኩርት ተከትፎ ሁላችንንም ካስለቀሰ፣ እግሩ የታሰረ ነገር በር ላይ ከጮኸ፣ ያኔ በዓል ነው። እኔ ራሴ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ በዓላትን የምለያቸው በስማቸው ሳይሆን በሚበላው ነበር። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የበዓልን ትርጉም ለትንንሽ ልጆች እንዳስረዳ ስታዘዝ ግን ይህን ረሳሁት። ሰው ትልልቅ ቃል መጻፍ ሲጀምር ቶሎ የሚረሳው የገዛ ሆዱን ነው መሰለኝ።

ጊቢያችን አሰላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ሁለት ቤትና አንድ የጋራ ቧንቧ አለው። በአንዱ ቤት እኛ አለን። ሙስሊሞች ነን፤ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን እናወራለን፤ አባቴ ከሳጉሬ እህል እያመጣ ይነግዳል። በሌላው ቤት ጎረቤታችን ከባላቸውና ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ከጉራጌ አገር መጥተው መንገድ ዳር ሱቅ ከፍተዋል። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። የእሳቸው ልጅና ትንሿ እህቴ እኩያ ናቸው፤ ሁለቱም ሰባት ዓመታቸው ነው። አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዷ ካሳለች ሌላዋም ትስላለች።

ፋሲካ ሲደርስ እትዬ ሁለት ዶሮ ይገዛሉ። አንዱን ባላቸው ያርዱታል። ሌላውን ለእኛ ብለው የገዙት ስለሆነ አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል። ከዚያ እትዬ ሁለቱንም ራሳቸው ይሠሩታል፤ በሁለት ድስት፣ በሁለት ጭልፋ። ዒድ ሲሆን ተራው ይዞራል፤ ለእነሱ የሚሆነውን የእትዬ ባል እኛ ቤት መጥተው ያርዳሉ፣ እናቴ ለብቻው ትሠራለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ስናድግ እንዲሁ ነበር። የእትዬ ሁለት ድስቶች አንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ የተገዙ ናቸው፤ መንትያ ይመስላሉ። የሚለዩት በክዳናቸው ብቻ ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው የእኛ፣ ቀይ ክዳን ያለው የእነሱ።

ከፋሲካ ዕረፍት በፊት የዜግነት መምህራችን ጠሩኝ። «አንቺ ብዕር ይዘሻል» አሉኝ። «የአርበኞች የድል ቀን ሲቃረብ አንደኛ ክፍል ገብተሽ ትርጉሙን ታስረጃቸዋለሽ። ዓምና ከፋሲካ ጋር አንድ ቀን ላይ ስለዋለ ልጆቹ መኖሩንም አያውቁ።»

ብዕር ይዘሻል! ወላሂ፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በእግሬ የሄድኩ አልመሰለኝም። ለነገሩ መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ስለ ጋሪ ፈረሶች የጻፍኩት ነገር በድምፅ ማጉያ ተነቦልኝ፣ ልጆቹ ስቀው፣ ከዚያ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ያቺ ጸጥታ አበላሸችኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተር ከእጄ አይጠፋም። የጊቢው ሰው ሁሉ «ደራሲዋ» ይለኛል፤ ውሃ ቅጂ ሲሉኝ እንኳ «ደራሲዋ፣ ጀሪካኑ አንቺን ይጠብቃል» ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደራሲዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ድል ቀን እየጻፈች ነበር። እትዬ ሁለቱንም ወጥ ጨርሰው፣ ድስቶቹን እንዲበርዱ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ለመተጣጠብ ገቡ። እናቴ ገበያ ነበረች። ልጆቹን እንድጠብቅ የተነገረኝ እኔ ነኝ። እህቴና ጓደኛዋ ሁለቱን ክዳን አንሥተው ሠርግ ይጫወቱ ጀመር። አንዷ ሙሽራ፣ አንዷ አጃቢ፤ ክዳኑን እያጋጩ፣ እልል እያሉ ጊቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። አይቻቸዋለሁ። እንዲያውም ደስ ስላለኝ በደብተሬ ጠርዝ ላይ «ክዳኑ እንደ ከበሮ» ብዬ ጻፍኩ። ሲጨርሱም ሁለቱም ወደ ድስቶቹ ሮጠው ሲከድኑ አየሁ።

ተነሥቼ የትኛው በየትኛው ላይ እንደተከደነ ማየት ነበረብኝ። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እየመጣልኝ ነበር። ከተነሣሁ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ቁጭ ብዬ ያዝኩት። «ነፃነት ማለት በገዛ ደጅ ያለ ሐሳብ መቀመጥ ነው» ይላል። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አሁንም እወደዋለሁ።

እትዬና ባላቸው ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድረው ጾሙን የሚፈቱት እዚያው አጠገብ አማታቸው ቤት ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሲመለሱ ድስቶቹ እንደተከደኑ ነበሩ። እትዬ እንደ ልማዳቸው «መጀመሪያ የጎረቤት!» አሉና ሰማያዊውን ክዳን አነሡ። እህቴ እነሱ ቤት ቀድማ ገብታ ተቀምጣለች። እኔንም ጠሩኝ፤ «ይቺን መስመር ልጨርስና» አልኩ።

መስመሯን ሳልጨርስ እትዬ እኛ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል። ለባላቸው ሊያወጡ ቀዩን ክዳን ሲያነሡ የትንሿን ዶሮ፣ የእኛን ዶሮ እግር አይተዋል። የእነሱ ትልቅ አውራ ዶሮ ነበር። እህቴ ግን በልታ ጨርሳ ጣቷን እየላሰች ነው።

«እህቴ፣ በደልኩሽ» አሉ ለእናቴ። «ክዳኑን አሳሳትኩት። ጾሙ አደናግሮኝ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም፤ በእጄ አበላኋት።»

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፤ ያኔ የማስበው ስለ ራሴ ነበር።

እናቴ አልተቆጣችም። «ያ ረቢ» አለች፤ ከዚያ እህቴን «ኮቱ» ብላ በኦሮምኛ ጠርታ አፏን አስጉመጠመጠቻት። «ሳታውቅ የበላች ልጅ ምን ኃጢአት አለባት? አንቺም አውቀሽ አላደረግሽው» አለች። ቃሉ መልካም ነበር። ፊቷ ግን ከቃሉ ጋር አልሄደም። እትዬም ያዩት ፊቷን ነው። ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

እኔ ደብተሬን ይዤ በር ሥር ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ በእትዬ ላይ አይሆንም ነበር። የልጆች ጨዋታ ነው፣ ያየሁትም እኔ ነኝ። አልተናገርኩም። ከዚያ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገም ሌላ ነገ አለው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ማንም ማንንም አልተጣላም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር፣ ሽማግሌ ይገባ ነበር። እትዬ ቧንቧው ላይ እናቴን ካዩ «ቀጥይ፣ ቀጥይ፣ እኔ አልቸኩልም» ብለው ይመለሳሉ። እናቴ ጨው ሲያልቅባት እኔን ወደ ሱቅ ትልካለች፤ ድሮ በመስኮት እትዬን ነበር የምትጠይቀው። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመጣ በቀጥታ ወደ ቤት ትገባለች፣ መጋረጃው ይወርዳል። እናቴም እህቴን «ሂጂ ተጫወቺ» ማለት ተወች። አንድ ቀን እህቴ እግሯን አጣጥፋ መጋረጃውን ስታይ አገኘኋት።

«ምን ሆነሽ?»

«በዓል ባይኖር ጥሩ ነበር» አለችኝ። «በዓል ሲመጣ ሰው ይለያያል።»

እኔ የበዓልን ትርጉም ላስተምር የተመረጥኩ ደራሲ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ገጽ አለ፣ «አንድነት» የሚል ቃል አራት ቦታ ተጽፎበታል። በዚያ ቀን ሦስቱን ሰረዝኳቸው።

ዓርብ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ሁሉም ብድግ ብለው «እንደምን አደርሽ ቲቸር!» ሲሉኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን ገባ ብዬ አየሁ። ቲቸሯ እኔ ነኝ! ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ተጋድሎ አልኩ፣ ሉዓላዊነት አልኩ። ፊት ያለችው ልጅ አዛጋች። ቀና ስል እህቴንና ጓደኛዋን አየኋቸው፤ እዚያ ዴስክ ላይ ማንም አይለያቸውም፣ ክርናቸው ተጣብቋል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እሺ» አልኩ፣ «ሰዎች መጥተው ቤታችሁ ውስጥ ቁጭ ቢሉና ውጡ ቢሏችሁስ?»

«ለፖሊስ እንናገራለን!»

«ፖሊሱንም ካስወጡትስ?»

ጸጥ አሉ። ያቺ የማውቃት ጸጥታ። ቀጠልኩ። ጣሊያን መጥቶ አምስት ዓመት እንደተቀመጠ፣ አርበኞች ጫካና ተራራ ውስጥ ሆነው እንደተዋጉ፣ በመጨረሻ ሰው ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ነገርኳቸው። «እና ያ ቀን ሰኞ ነው። ሚያዝያ ሃያ ሰባት። በዓል ነው።»

እጆች ሁሉ ወደ ላይ።

«ቲቸር፣ ምን ይበላል?»

«ልብስ ይገዛል?»

«ለክርስቲያን ነው ለእስላም?»

«ለሁላችንም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር።

እህቴ እጇን አወጣች። ቤት ውስጥ በስሜ የምትጠራኝ ልጅ «ቲቸር» አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳቅ የለም። «ለሁላችንም ከሆነ፣ ማን ያርዳል?»

ክፍሉ ተንጫጫ። «የኔ አባት!» «አይደለም፣ የኔ አባት ነው!» «የአንቺ አባት ካረደማ እኛ አንበላም!» ደወል ተደወለ። እኔ ሰሌዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። መምህራችን በመስኮት ሲያዩኝ ቆይተው ኖሮ፣ ስወጣ «ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። «አንድ ጥያቄ ግን ሳትመልሺ ወጣሽ።»

ማታ እራት ላይ እህቴ ጥያቄዋን ለአባቴ አቀረበችለት። አባቴ ከሳጉሬ ደክሞት ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ነበር። ሳቀባት።

«ጣሊያን ለሄደበት በዓልማ ፓስታ ነው የሚበላው! ሲሄድ ለእኛ የተወልን ፓስታውንና ጎሚስታውን ነው። ስንዴው ደግሞ የራሳችን ነው፣ ከእነ ኢተያ ማሳ።»

«አባ፣ ፓስታ ይታረዳል?»

«ፓስታ አይታረድም፣ የኔ እናት። ፓስታ ምን ደም አለውና።»

እሱ ቀልዱን ጨርሶ ወደ ሻዩ ተመለሰ። እህቴ ግን ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ጭንቅላቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲዞር አይቼዋለሁ፤ እኔ ዓረፍተ ነገር ሲመጣልኝ እንደዚያ ነው መሰለኝ የምሆነው።

ሰኞ ጠዋት ስነቃ የዒድ ልብሷን ለብሳለች። አረንጓዴ ባለ ጥልፍ ነው፤ እናቴ ለዓረፋ ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር፣ ቁልፉን እንዴት እንዳገኘችው እስካሁን አልተናገረችም። ፀጉሯን በውሃ አጣብቃለች።

«ማል ታቴ?» አለቻት እናቴ። ምን ሆነሻል ማለቷ ነው።

«ዛሬ በዓል ነው። ፓስታ ሥሪ። በትልቁ ድስት።»

«በትልቁ? ስንት ሰው አለንና?»

እህቴ ወደ እነ እትዬ መጋረጃ አየች። እናቴ እኔን አየች፣ እኔ መሬት አየሁ። ከዚያ እናቴ ትልቁን ድስት አወጣችና ከሰሉን ቤት ውስጥ ሳይሆን ጊቢው መሐል፣ ቧንቧው አጠገብ አስቀመጠችው። በማግስቱ ስጠይቃት «ቤት ውስጥ ጭስ ነው» ብላኛለች። ፊት አንድም ቀን ለጭስ ብላ አውጥታው አታውቅም።

ውሃው ሲፈላ እህቴ መሐል ጊቢ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። «ዛሬ የሁላችንም በዓል ነው! ማንም አያርድም! ፓስታ አይታረድም! ኑ!»

መጋረጃው ተነቃነቀ። የእትዬ ልጅ ሮጣ ስትወጣ እትዬ ከኋላዋ ትከሻዋን ያዟት። «እኛ በልተናል፣ የኔ ቆንጆ» አሉ። ገና ሁለት ሰዓት ነው፤ ጭስ እንኳ ከቤታቸው አልወጣም። ልጅቷ ወደ እህቴ ተዘርግታ ቀረች፣ ግማሿ ውጭ፣ ግማሿ ውስጥ። እናቴ ድስቱን እያማሰለች ነው፤ ዓይኗን አላነሣችም። እትዬ ልጃቸውን ወደ ውስጥ ሊመልሱ ጀመሩ። አሁን ከገቡ ይህ መጋረጃ ለዓረፋም አይነሣም አልኩ በልቤ።

«እትዬ!» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ሆነ። «ክዳኑን ያሳሳቱት እርስዎ አይደሉም።»

ሁሉም ዞሩ።

«ቅዳሜ ዕለት እነዚህ ሁለቱ ሠርግ ሲጫወቱበት ነበር። እኔ አይቻለሁ። መነሣት ነበረብኝ፤ እየጻፍኩ ስለነበር… ዓረፍተ ነገሩ እንዳይጠፋብኝ…»

ሲነገር እንዴት ያሳፍራል! ጭንቅላቴ ውስጥ ከባድ ነገር ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን የሕፃን ምክንያት ሆነ። እህቴና ጓደኛዋ ተያዩ። «እኔ ቀዩን ነበር የያዝኩት» አለች አንዷ ቀስ ብላ። «ውሸትሽን ነው፣ ቀዩ የኔ ነበር» አለች ሌላዋ።

እናቴ ማማሰያውን አንሥታ ወደ እኔ ጠቆመች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ! ለመምህርሽ ሁለት ገጽ ጻፍሽ፤ ለእኛ ሁለት ቃል አጣሽ?»

እትዬ የልጃቸውን ትከሻ ለቀቁ። በሩ መቃን ላይ ተደገፉ። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳቸው አልኩ። ነጠላውን ሲገልጡት ግን እየሳቁ ነው፤ እንባውም አለ፣ ሳቁም አለ።

«አንቺ ደራሲ ተብዬ!» አሉኝ። «እኔ እኮ አእምሮዬን የሳትኩ መስሎኝ! ንስሐ አባቴ ድረስ ሄጄ ተናገርኩ፤ ባሌን በየቀኑ ‹ምን ረሳሁ ዛሬ?› እያልኩ ስጠይቀው ሰለቸኝ አለኝ! ነይ ወዲህ!» ሄድኩ። ጆሮዬን ያዙና ቆነጠጡት፤ አመመኝ። ከዚያ ያንኑ ጆሮ ሳሙት።

እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ነበር። ወደ እትዬ ሄደችና እጀታውን አስያዘቻቸው። «ነይ እስቲ ቅመሺው» አለች። «የእኔ ምላስ ሁለት ሳምንት ጨው አይለይም።»

እትዬ ማማሰያውን ያዙ። ትንሽ አመነቱ፣ ድስቱን አዩ፣ እናቴን አዩ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። «ቲማቲም ይጎድለዋል» አሉ። «ዓይኔም ነግሮኝ ነበር፣ ምላሴም መሰከረ።» ገብተው ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ይዘው ወጡ፤ ባላቸውንም ቀሰቀሱ። አባቴ በዓሉን ያወጀው እሱ እንደሆነ እየነገረን አንድ ሰፊ ሰሐን አመጣ። ስምንት ሆነን በላን፤ ፓስታው ትንሽ በስሎ አልፏል፣ ማንም አላነሣውም። እህቴ በቲማቲም እስከ ጆሮዋ ቀልታ ጓደኛዋን አጎረሰቻት፤ ማንም «ቆይ» አላላትም። እኔ ደግሞ በአንድ ሰሐን ዙሪያ የሁለቱን ቤት ሰው እጅ ሳይ ከዚያ በፊት አንድም ቀን እንደዚህ አይቼው እንደማላውቅ ገባኝ። የምንበላው ጎን ለጎን ነበር፣ በየድስታችን፤ እሱም ፍቅር ነው፣ እሱንም አልንቀውም። ይህ ግን ሌላ ነው። ለሁላችንም ነው ያልኩት በዓል፣ ልጆቹ እንኳ ምን ይበላል ብለው የናቁት፣ ለካ ድስቱ ባዶ ስለሆነ ነው ሁላችንም የገባንበት።

ስምንተኛው ሰው ማን ነው ካላችሁ፣ ከደጅ የሚያልፈው ጋሪ ነጂ ነው። ሽታው አስቁሞት «ምንድን ነው ዛሬ?» አለ፤ እህቴ «የድል ቀን ነው፣ አታውቅም?» ብላ አስገባችው፤ ፈረሱ በር ላይ ቆመ። ትርጉሙንም እሷው አስረዳችው። ሰዎች ቤታችን ገብተው ውጡ አሉን፣ ከዚያ ተመለስን፣ ከዚያ ፓስታ በላን አለችው። እኔ ሁለት ገጽ የፈጀሁበት ነው።

ከምሳ በኋላ እትዬ ሁለቱን መንትያ ድስቶች አምጥተው ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ሥር ተደፍተው ነበር። እናቴ ደህና አድርጋ በፈላ ውሃ አጠበቻቸውና ከጥልፍ ክሯ ሰማያዊ መዝዛ ሰጠችኝ። «ክዳን ይዞራል» አለች። «ጆሮው ላይ እሰሪው። ዓረፋ እየደረሰ ነው።» የአንዱን ድስት ጆሮ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ፣ አጥብቄ አሰርኩት። በሌላው ላይ እትዬ ቀይ አሰሩ።

አሁን ይህን የምጽፈው እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ቅድም፣ ይህን የመጨረሻ ገጽ ስጽፍ፣ ክዳኖቹ ሲጋጩ ሰማሁ። ሙሽራዋ እህቴ ናት፣ አጃቢዋ ጓደኛዋ፤ ድስቶቹ አፋቸውን ከፍተው ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ክሩ አለ፤ ምንም አይሆንም። ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እየመጣልኝ ነበር፣ ጥሩ የሚሆን ይመስላል።

ደብተሩን ዘግቼ ተነሣሁ። ክዳኖቹን ተቀብዬ በየቦታቸው ከደንኩ። ተመልሼ ስቀመጥ ዓረፍተ ነገሩ ሄዷል። ትንሽ ጠበቅኩት፤ እሱ አልመጣም፣ ይህኛው መጣ።